ጥቁር ዳንሰኛ ክለብ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትቆጥረው ብር አይደለም

የሌሊት_ወፍ (ይህን የኢንተርኔት ውይይት የከፈተችው)

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እዚህ ገብታ «አትላንታ ልመጣ ነው። ስትሪፕ ክለብ ዳንስ ልጀምር አስቤያለሁ። ለጥቁር ሴት የትኛው ቤት ይሻላል?» ብላ ጠየቀች። የስድብ መዓት ወረደባት። ጥያቄዋን የመለሰላት ግን የለም። ውይይቱም ተዘጋ። እኔ ሰባት ዓመት የሠራሁበት ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ትሥራ አትሥራ የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ። የምጽፈው የጠየቀችውን ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ14 ዓመቴ ነው። ያደግሁት አትላንታ ጎን ያለችው ክላርክስተን ነው። በ22 ጀመርኩ፣ በ29 አቆምኩ። አትላንታና ሂውስተን ሠርቻለሁ፤ ለአጭር ጊዜ ደግሞ ፖርትላንድ። የሠራሁባቸውን ቤቶች ስም አልጠራም።

ብዙ ሰው ዳንሰኛ ክለብ የምትመርጠው ብር ያለበትን አይታ ይመስለዋል። ነጮቹ ልጆች እንደዚያ ያደርጉ ይሆናል። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የማደርገው መቁጠር ነበር። ዛሬ ስንት ጥቁር ልጅ ገብታለች? የማውቃቸውን መኪናዎች አያለሁ። ውስጥ ላለች ልጅ ቴክስት አደርጋለሁ፣ «ስንት ናችሁ?» ሁለት ካለችኝ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ውስጥ እሮጣለሁ። ሦስት ካለችኝ አስባለሁ። አራት ካለችኝ ሞተሩን አላጠፋም። የተጻፈ ደንብ የለም። ግን ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደንበኛው ነጭ የሆነበት ክለብ ማለቴ ነው።

ሂውስተን አንድ ሐሙስ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ቀን ፀጉር ቤት ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ተሠርቻለሁ። የምትጎተተዋን ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። ማናጀሩ ስልኩን እየነካካ «ዛሬ ሞልቷል» አለኝ። ፊቴን አላየም። ሻንጣውን የያዘውን እጄን ነው ያየው። ገና ዞር ሳልል ከኋላዬ አንዲት ነጭ ልጅ መጣች። «ሃይ ቤቢ» ብሎ አሳለፋት። በረኛው ጥቁር ነው። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። እኔም ጫማውን አየሁ። አዲስ ነበር።

ታዲያ «ለምን ጥቁሮቹ ክለብ አትሄጂም?» ይሉሻል። አትላንታ ስሟ የወጣው በዚህ ነው። ማጂክ ሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አለ። የሰኞ ማታው አገር ያወቀው ነው። ዘፋኞች አዲስ ዘፈን ሲያወጡ መጀመሪያ እዚያ ዲጄ ጋ ይዘው ይሄዳሉ። ሴቶቹ ከደነሱለት ሬዲዮው ይከተላል። እንዲህ ዓይነት ቤት ስትገቢ በቆዳሽ ማንም አይቆጥርሽም። ብሩም ይወረወራል። አዝማሪ ቤት ግንባር ላይ የሚለጠፈውን አስቡና በመቶ አባዙት። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ልጅ በመጥረጊያ ሰብስቦ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይከትልሻል። አንድ ዶላር አንድ ግራም ነው የሚመዝነው። 800 ዶላር ይዘሽ ስትወጪ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስኳር የተሸከምሽ ነው የሚመስልሽ።

እዚያ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። ሴቱ ብዙ ነው። መድረክ ላይ አብራችሁ ከወጣችሁ የተወረወረው ይካፈላል። አንዲት ታዋቂ ልጅ ካለች ሰው የሚመጣው ለእሷ ነው። ከዚያ ክፍያው። አንድ ዓርብ የከፈልኩትን ልጻፈው፦ ለቤቱ 120፣ ለዲጄው 40፣ ሃውስ ማም ለምንላት መልበሻ ክፍል ለምትጠብቀን ሴትዮ 20፣ ለሴኩሪቲ 20፣ አሥር ደቂቃ ስላረፈድኩ ቅጣት 30። ገና አንድ ዘፈን ሳልደንስ 230 ዶላር ወጣ። ቤቴ ይዤ የገባሁት 90 ነው።

እኔ በመጨረሻ ሁለቱን ማፈራረቅ ጀመርኩ። ሰኞና ማክሰኞ የነጮቹ ክለብ ሴት ስለሚያጥረው ኮታው ይላላል። ያኔ እዚያ እሄዳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጥቁሮቹ ጋ። ለዚያች ልጅ መልሴ ይሄ ነው። ሌላ የምታውቁ ካላችሁ ጨምሩበት።

---

ዳዊት_ኮሎምበስ

እህቴ እግዚአብሔር ይርዳሽ። ግን ይሄ ለወጣቶች ትምህርት ነው? እናትሽ ይሄን ብታነብ ምን ይሰማታል?

---

የሌሊት_ወፍ

አንብባዋለች። ሁለት ቦታ ፊደል አርማልኛለች።

---

ሹፌሩ

አትላንታ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የጻፍሽውን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ዓርብ ማታ አንዲት ልጅ ከቤቷ እጭናለሁ፣ በሰሜን በኩል ያለ ክለብ አወርዳለሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እዚያው በር ላይ ያቺው ልጅ እንደገና ትጠራኛለች። አሁን የምትሄደው ወደ ደቡብ ነው። ሻንጣዋም አልተከፈተም። እኔ «የረሳችው ነገር አለ» እል ነበር። ስንቴ እንደሆነ አላውቅም እንዲህ ያደረግሁት። ሁሌም ጥቁር ልጆች ናቸው። አንድም ቀን ለምን ብዬ አላሰብኩም፤ ሁለት ትሪፕ ስላገኘሁ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ።

በነገራችን ላይ ስለ ማጂክ ሲቲ ሰው የማያወራው የዶሮ ክንፉን ነው። በ2020 በኮሮና ሰዓት ያ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሉ ዊሊያምስ ኤንቢኤ ተጫዋቾቹን ከዘጋበት ካምፕ በፈቃድ ወጥቶ፣ ክንፍ ሊበላ እዚያ ጎራ ብሎ አገር ተረበሸ አይደል? እኔ ክንፉን ቀምሻለሁ። ሰውየው አልተሳሳተም።

---

ኪሩ_ሜሪላንድ

ሳይሰድቡኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። የደንበኛው ምርጫ ከሆነስ? ክለቡ ንግድ ነው። ነጭ ደንበኛ ነጭ ሴት ማየት ከፈለገ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ሕገ ወጥ ከሆነ ደግሞ ለምን አትከሱም?

---

ፋይል_አመላላሽ

ሕግ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጠበቃ አይደለሁም። «ደንበኛዬ ጥቁር አይፈልግም» ለዘር መድልዎ ማምለጫ አይሆንም። ሆቴልም ይሁን አየር መንገድ ይሁን ይሄን ብሎ አይድንም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ክለቦቹ ዳንሰኞቹን «ሠራተኛ አይደላችሁም፣ ኮንትራክተር ናችሁ» ይላሉ። ዋናው የሥራ መድልዎ ሕግ ደግሞ የሚጠብቀው ሠራተኛን ነው። ስለዚህ ሴቶቹ የሚይዙት አሮጌውን ሕግ ነው፣ ከባርነት ማግሥት በ1866 የወጣውን። ክፍል 1981 ይሉታል። ጥቁር ሰው ልክ እንደ ነጭ የመዋዋል መብት አለው ይላል። ውል ከሆነ ኮንትራክተርም ይገባበታል።

የሌሊት ወፍ፣ ያነሳሻት ሂውስተን አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሳለች። አንዲት ጥቁር ዳንሰኛ በ2017 «ጥቁር ልጆች በዝተዋል» ተብላ ከበር ተመለሰች። በ2021 ሌላ ክለብ ደግሞ «ከእንግዲህ ጥቁር አንቀበልም» አላት። ከሰሰች። ለመክሰስ ያላት ጊዜ አራት ዓመት ነው። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ግን «መድልዎው የጀመረው ከዚያ በፊት ነው፣ የኋላው የዚያው ቅጥያ ነው፣ ጊዜው አልፎብሻል» አሏት። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስቀመጡ፣ ዳኛ ሶቶማዮርም አብረዋቸው ቆሙ። ተቃውሟቸው በአጭሩ እያንዳንዱ ከበር መመለስ ራሱን የቻለ በደል ነው የሚል ነው።

የተሳካላቸውም አሉ። ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ የፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን አንድ ክለብ ከሶ በ2019 የዳኞች ጉባኤው ለአምስት ጥቁር ዳንሰኞች 3.3 ሚሊዮን ዶላር ፈርዶላቸዋል። እዚያ ጥቁሮቹ የሚሠሩበት ሺፍት ተገድቦ ነበር፤ የነጮቹ አልተገደበም።

---

ኪሩ_ሜሪላንድ

ገባኝ። «ቅጥያ ነው» ያሉት ግን አስቆኛል። ታዲያ ዱሮ አንዴ የበደለህ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊበድልህ ፈቃድ አወጣ ማለት ነው።

---

የሌሊት_ወፍ

ኪሩ፣ ደንበኛው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ ነው የሚወሰንለት። የነጮቹ ክለብ ውስጥ የገባሁ ቀን ጥሩ ነበር የምሠራው። ማናጀሩ የሚፈራው ሌላ ነው። ጥቁር ልጅ ከበዛች ጥቁር ወንዶች ይመጣሉ ብሎ ነው። አንዱ ክለብ ሂፕሆፕ እንዳይጫወት ከልክሎ ነበር። ለዲጄው ወረቀት ለጥፈውለታል። እኔ የምደንስበትን ዘፈን ሳመጣ ወረቀቱን በጣቱ ያሳየኛል። ሮክ ደንሼ አላውቅም ነበር፣ ለመድኩት።

---

ወለላ_ታክስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲኬተር አካባቢ ታክስ እሠራለሁ፣ ከደንበኞቼ ጥቂቱ ዳንሰኞች ናቸው። ሐበሻም አሉባቸው፣ አሁን ማን ናት እንዳትሉኝ።

አንዲቱ በየዓመቱ ደብተር ይዛ ትመጣለች። የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ ባለ መስመር። ቀን፣ ክለብ፣ የገባ፣ የወጣ። አምስተኛው ዓምድ ላይ አንዳንድ ቀን «ተመ» ይላል። ምንድን ነው ስላት «ተመለስኩ» አለችኝ። ወደ ክለቡ የነዳችውንም ማይል ጽፋዋለች። «ይሄንን ከታክስ ላይ አስቀንሺልኝ» አለች። ከቤት ወደ ሥራ የሚነዳ አይቀነስም፣ ሳይሳካ ሲመለስ ደግሞ ምን ልበላት? ባለፈው ዓመት «ተመ» የሚለውን ስቆጥር 31 ሆነ። የአንድ ወር ሥራ ማለት ነው።

ለምትጀምረው ልጅ የምለው፣ ለቤቱ፣ ለዲጄ፣ ለሴኩሪቲ የከፈልሽውን ሁሉ በዚያው ማታ ጻፊ። ደረሰኝ አይሰጡሽም። ኮንትራክተር እስካሉሽ ድረስ ወጪሽ ነው፣ ይቀነሳል። ኮንትራክተር የሚሉሽ ደግሞ ሁሌ ልክ ሆነው አይደለም። እዚሁ አትላንታ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2011 የአንድ ክለብ ዳንሰኞችን «ሠራተኞች ናቸው» ብሏል። ሰዓት የሚያወጣልሽ፣ ስታረፍጂ የሚቀጣሽ፣ ስንት እንደምታስከፍዪ የሚነግርሽ ሰው አለቃሽ ነው። አንቺ የራስሽ አለቃ አይደለሽም።

ዋሺንግተን ግዛት በ2024 ሕግ አውጥታለች። ቤቱ በአንድ ሺፍት ከ150 ዶላር ወይም ካገኘሽው 30 በመቶ በላይ፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው የሚያየው፣ መውሰድ አይችልም። ያልከፈልሽውም ዕዳ ሆኖ ለሚቀጥለው ማታ አይዞርም። የሌሊት ወፍ ዓርብ 320 ሠርታ ከሆነ እዚያ ቢሆን የሚወስዱባት ቢበዛ 96 ነበር። እኛ ያለንበት ጆርጂያ ግዛት እንዲህ ያለ ነገር የለም።

---

ፖርትላንድ_ዝናብ

እኔ እስካሁን እሠራለሁ። ፖርትላንድ ጥቁር በጣም ጥቂት ነው፣ ክለቡ ደግሞ እንደ ቡና ቤት ነው፣ በየመንገዱ። በ2020 በጆርጅ ፍሎይድ ሰልፍ ጊዜ ጥቁር ዳንሰኞች ተነሥተው ነበር። ጥሩውን ሺፍት ለእኛም ስጡን፣ ማናጀሮቹ ስለ ዘር ይሠልጥኑ፣ ሙዚቃችንን አትከልክሉ የሚል ነበር። ሄይማርኬት ፖል ኮሌክቲቭ የሚባለው ማኅበር ከዚያ የወጣ ነው። አንዳንዱ ቤት ተሻሽሏል። አንዳንዱ በር ላይ ፖስተር ለጥፎ እንደነበረ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ላስቲ ሌዲ የሚባለው ቤት በ1990ዎቹ በሠራተኛ ማኅበር የተደራጀ የመጀመሪያው ስትሪፕ ክለብ ነው እየተባለ ይነሣል። እዚያው ሲዮባን ብሩክስ የምትባል ጥቁር ዳንሰኛ ብር የሚበዛበት የግል ክፍል ላይ ጥቁሮች ለምን አይመደቡም ብላ የመድልዎ አቤቱታ አቀረበች። በኋላ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሆና ይሄንኑ አጠናችው።

ግን የሌሊት ወፍ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። እኔ ብቸኛ ጥቁር መሆን ይመቸኛል። የሚፈልገኝ ሰው ሌላ የሚሄድበት የለውም። ከአትላንታ የተሻለ እሠራለሁ። ሹሩባዬን ፍቺ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ፣ ዝም አሉ። ሌላ ደግሞ በር ላይ ሲያቅማሙ ኢትዮጵያዊት ነኝ እላቸዋለሁ። ወዲያው ፊታቸው ይፈታል። ለአዲሷም ልጅ ይሄን ንገሯት፣ ይጠቅማታል።

---

የሌሊት_ወፍ

ይጠቅማታል፣ አልዋሽም። ይሄን ልጽፍ አልነበረም። ካነሳሽው አይቀር ልጻፈው።

የጀመርኩ ሰሞን አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፣ እዚሁ የተወለደች አትላንታ ልጅ። ሁሉን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በዚያ ጫማ መራመድ፣ ብር የት እንደሚደበቅ፣ የሰከረ ሰው ከመናገሩ በፊት በዓይኑ እንዴት እንደሚታወቅ። እሷ ጠቆር ትላለች። እኔ ጠይም ነኝ፣ ፀጉሬም ሲተኮስ ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ አብረን አንድ የነጮች ክለብ ሄድን፣ በሷ መኪና። ማናጀሩ ሁለታችንንም አየና «አንድ ቦታ ነው ያለኝ» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንቺ ከየት ነሽ?» አለኝ። ኢትዮጵያ አልኩት። «እንግዲያውስ አንቺ አትቆጠሪም፣ ግቢ» አለ። ለእሷ «ሌላ ቀን» አላት።

አትቆጠሪም። እኔ ደግሞ ይሄንን እንደ ሙገሳ ነበር የሰማሁት። ቤታችን የሐበሻ ድግስ ላይ «እነዚህ ጥቁሮች» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች መሀል ነው ያደግሁት፣ እናንተም ታውቃላችሁ። እኛ ሌላ ነን የሚለው ነገር ውስጤ ነበረ። ማናጀሩ ያንን ነው በእንግሊዝኛ የነገረኝ።

ጓደኛዬ ሳቀችና «ግቢ፣ ብርሽን ሥሪ» አለችኝ። ገባሁ። 640 ዶላር ሠራሁ። እሷ ለሊቱን ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ጠበቀችኝ፣ መመለሻ እንዳላጣ ብላ። ስወጣ ተኝታ ነበር፣ ወንበሩን ወደኋላ አድርጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። እስክትነቃ ድረስ መስታወቱን አንኳኳሁ። 100 ዶላር ልሰጣት ስል ቤንዚን 20 ብቻ ወሰደች። ስለዚያ ማታ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ስለዚህ ዝናብ፣ አትበያቸው አልልሽም። እኔም ከዚያ በኋላ ብያቸዋለሁ። ብቻ ያቺ አንድ ቦታ ከሌላ ልጅ ላይ ነው የምትነሣው።

---

ፖርትላንድ_ዝናብ

እሺ።

ለእኔ እንደዚያ አልታየኝም ነበር። እዚህ ብቻዬን ስለሆንኩ ይሆናል። ወይም ብቻዬን የሆንኩት በዚያ ምክንያት ይሆናል።

---

ሹፌሩ

ወሬ እንዳይጠፋ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። አትላንታ ከተማ ውስጥ ለመሥራት ከከተማው ፈቃድ ማውጣት አለባት። ሳይዙ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ እዚያው ይመለሳሉ። ከከተማው ወሰን ውጪ ያሉት የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ሳትነሺ ደውለሽ ጠይቂ።

---

ዳዊት_ኮሎምበስ

የሌሊት ወፍ፣ ስለ ድግሱ የጻፍሽው ልክ ነው። እኛም ቤት ይባላል። ስለ ሥራው ሐሳቤን አልቀየርኩም።

---

የሌሊት_ወፍ

አትቀይር። ይሄን ስላልክ ግን አመሰግናለሁ።

---

አዲስ_ገቢ

ያቺ የጠየቀችው ልጅ እኔ ነኝ። በሌላ ስም ነው የገባሁት። ሁሉንም አነበብኩት፣ ሁለቴ። ልመጣ ትኬት ቆርጫለሁ። እስካሁን ግን አልወሰንኩም።

እትዬ ወለላ፣ ደብተሩን ገዝቻለሁ። አምስት ዓምድ አሰምሬበታለሁ።

የሌሊት ወፍ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ፓርኪንግ ውስጥ ሆነሽ ስትቆጥሪ ራስሽንም ጨምረሽ ነው?

---

የሌሊት_ወፍ

መጀመሪያ ሰሞን አልጨምርም ነበር።